ረቡዕ የእሳቸው ተራ ነው

እታለም፣

እንደምን ከረምሽ? ደረጃ ስትወጪ የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ አሁንም በቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ ይጣላሉ? እኔ ደህና ነኝ። ሰሞኑን የጠፋሁብሽ ጭንቀቴን ላንቺ ላለማሸከም ነበር፤ አሁን ግን እፎይ ብያለሁና ልንገርሽ።

ከፍቺዬ በኋላ አሥራ አራት ሰው አብሮ የሚኖርበት እዚህ ቤት ስገባ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ድስት መጋራት ምን የሚሉት ጣጣ ነው ብለሽኝ ነበር። ሁሉም የየራሱ ክፍል አለው፤ ወጥ ቤቱና ሥራው ግን የጋራ ነው። አዲስ ሰው ስድስት ወር ይታይና ሁሉም ተሰብስቦ ይመክርበታል። አንድ ሰው እንኳ አይሆንም ካለ ሻንጣን ማንሳት ነው። የኔ ስድስት ወር ባለፈው እሑድ ሞላ።

እኔ እህትሽ ታዲያ እንዳልባረር ብዬ ሥራው ላይ ተጣበቅሁ። የሥራ ተራችን የሚታወቀው ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በሚሰቀሉ፣ ስማችን በተጻፈባቸው ትንንሽ እንጨቶች ነው። ጠዋት ማንም ሳይነሳ የሌላውን አወርድና የራሴን እሰቅላለሁ። በተለይ የሽማግሌውን ልብስ ሰፊ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሳህን ሲያጥቡ ሳይ አንጀቴን ይበሉታል። ረቡዕ በመጣ ቁጥር ተራቸውን እኔው አጥባለሁ፤ እሳቸውም ዝም ስላሉ ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እኔ ሃምሳውንም ብቻዬን ታቅፌ ምርቃት እጠብቃለሁ!

ስብሰባው ላይ አናጢውም ነርሷም ሌሎቹም ትኑር አሉ። ልብስ ሰፊው ጋ ሲደርስ ግን፣ «እኔ ቅሬታ አለኝ» አሉ። ክው አልኩ። «ይቺ ልጅ ስንት ወር ሙሉ ተራዬን ቀማችኝ። ቢንቀጠቀጥም የራሴ እጅ ነው። በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረገችኝ» አሉ። እታለም፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ፈርቼ እንዳደረግሁትም አልደበቅሁም። መቼም ሻንጣዬን ይዤ ያንቺው ሶፋ ላይ ልወድቅ ነው አልኩ በልቤ።

እሳቸው ግን፣ «ትኑር፤ ግን ረቡዕ እኔ ሳጥብ እሷ ቁጭ ብላ ሻይዋን ትጠጣ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ አለቀስኩ።

ትናንት ረቡዕ ነበር። አንድ ሳህን ከእጃቸው አምልጦ ተሰበረ። ብድግ ልል ስል፣ «እዚያው!» አሉኝ። ስብርባሪውን ራሳቸው ጠርገው የቀረውን አጥበው ጨረሱ፤ እኔም ሻዬን ጨረስኩ። ማንንም ሳልፈራ ቁጭ ካልኩ ስንት ዓመቴ መሰለሽ!

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ሶፋውን እንደ ልቡ ይጋደምበት። ትልቋ ልጅሽን ለፈተናዋ በርቺ በያት። ያን ለፍላፊ ልጅሽን ጉንጩን ሳሚልኝ። አክስታችንንም፣ አትጨነቂ፣ ተመርቃ ገብታለች በያት።

ታናሽ እህትሽ

ከቤቴ፣
ሐሙስ፣ ግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.