ሞልቱ የማይሻገረው ወንዝ

ሚያዝያ 13

ዘጠነኛ ክፍል ስለ ቫይረስ አስተማርኩ። ብቻውን አይበላም፣ አይተነፍስም። ሴል ካገኘ ግን ይገባል፤ ሴሉን የራሱን ቅጂ ሲያሠራው ይከርማል። ሴሉ ሲያልቅ ትቶት ወደ ጎረቤት...

ዑስማን ከኋላ ወንበር፣ “ቲቸር፣ ሴሉ ግን አይነቃበትም?”

ሰዓቱ አልቋል አልኩ።

ቤት ስገባ ባሌ ሞልቱ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መጋዙን ይስላል። የአጎቱ የሁንዴሳ ውሻ ነክሶታል። “ጫር ነው ያደረገኝ” አለ። የጥርስ ምልክት ነው።

ሚያዝያ 15

ውሻው ሞተ። ለሃጩን እያዝረበረበ ድንጋይ ሲነክስ ውሎ ነው የሞተው።

ከስብሰባ ስመለስ አማቴ እቴቴ ገዲሴ መድኃኒተኛውን ሮበሌን አስመጥተው ጨርሰዋል። ሥር በወተት አጠጥቶታል። እስከ አርባ ቀን ወንዝ እንዳይሻገር ብሎታል፤ ከተሻገረ መድኃኒቱ ይፈርሳል፣ በሽታው ይነሳል።

የእብድ ውሻ መርፌ ያለው ከወንዙ ማዶ፣ ከተማ ነው።

ሞልቱ እሺ አይለኝም። አባቱም ተነክሶ፣ ጠጥቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ነው የሞተው። ልጅ ሆኖ አይቷል።

ሚያዝያ 16

እራት ላይ እንደገና ሞከርኩ። “እቴቴ፣ በሽታው በነርቭ ነው የሚሄደው። ከእጁ ወደ አንጎሉ፣ ቀስ እያለ።”

“አሁን የት ደርሷል?”

“አይታወቅም።”

“የት እንደደረሰ ካላወቅሽ በምን ትቀድሚዋለሽ?”

ሞልቱ፣ “ክርኔ ላይ አረፍ ብሎ ሻይ እየጠጣ ነው” አለ። አልሳቅንለትም።

አንጎል ከገባ በኋላ መርፌም አያድንም። ይህን አልተናገርኩም... ብናገርስ?

ሚያዝያ 18

ደክሞኛል። በሽታው ሲነሳ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ውሃ ያስፈራል። ስለዚህ ውሃ ሲጠጣ አየዋለሁ።

“ምን ታዪኛለሽ?”

“ምንም።”

ሚያዝያ 21

ከነገ ወዲያ የላብ አደሮች ቀን ነው። ሰልፉ ከወንዙ ማዶ፣ አደባባይ። ሞልቱ ታሟል በይልኝ ብሎ ለመነኝ። ቀበሌ ሄጄ አስፈቀድኩለት። ሊቀመንበሯ ጓድ አሰገደች ፊቴን አይተው ይቅር አሉ።

እኔው አስቀረሁት። ለምን? ተሻግሮ አንድ ነገር ቢሆን፣ ያሻገረችው ሚስቱ ናት እንዳይባል? ይህን ፈርቼ ነው?

ሚያዝያ 22

ጠጣ።

ሚያዝያ 24

ትናንት ማለዳ በር ተንኳኳ። የአብዮት ጥበቃው ሰዒድ፣ ጠመንጃ አንግቶ። “ጓድ ሞልቱ፣ ሰልፍ።”

“ታሟል። ተፈቅዶለታል” አልኩ።

“ፈቃዱ ተነስቷል።”

ሞልቱ ወደ እናቱ ዞረ። እሳቸው የነጠላቸውን ጥለት ያያሉ። “መንግሥት ነው እንግዲህ። ሂድ ልጄ።”

ለመርፌ ያልተሻገረው ወንዝ ለመፈክር...

ድልድዩ ላይ ዓይኑን ጨፈነ። ክንዱን ይዤ መራሁት። ከኋላ ሕዝቡ ይገፋናል፤ መቆም አይቻልም። ሰልፉ ሲበተን፣ “ተሻግረሃል እኮ” አልኩት። “ከተሻገርኩ ወዲያማ መርፌውንም...” አለ። ጓደኛዬ ኤሌኒ ቤት አደርን። ዛሬ ሆዱ ላይ የመጀመሪያውን ተወጋ።

ግንቦት 9

መርፌው አለቀ። እምብርቱ ዙሪያ አብጦ ቀልቷል። ቀድመነው ይሆን? ነርሷም አታውቅም። ጠብቁ አለች።

ግንቦት 12

የቀበሌ ሱቅ፣ የስኳር ወረፋ። ሰዒድ ከኋላዬ ተሰልፏል፣ ያለ ጠመንጃ። “ሞልቱ እንዴት ሆነ?”

“ይመስገን” አልኩ። ፊቴን አዞርኩ።

“እትዬ፣ አይቀየሙኝ። እናቱ ናቸው እኮ የላኩኝ። ጓድ አሰገደች ዘንድ መጥተው፣ ልጄ ደህና ነው፣ ሰበብ ነው፣ በግድ አውጡልኝ አሉ። እኔንማ፣ ጠመንጃውን እንዳትረሳ፣ ያለዚያ አይወጣልህም ብለውኛል።”

ወረፋው ሲንቀሳቀስ አላየሁም። ከኋላ ጮሁብኝ።

እሳቸውም ተሻገር ማለት አልቻሉም። ባላቸውን ቀብረዋል። ልጃቸውም ቢሞት በእሳቸው ቃል እንዳይሆን... እንደ እኔው።

ቤት ስገባ እቴቴ ለሞልቱ ውሃ ቀድተው ሰጡት። ጠጣ። በብርጭቆው ላይ እኔና እሳቸው ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ለካ እሳቸውም ሲጠጣ ያዩት ነበር።

“ስኳር ተገኘ?”

“ተገኘ፣ እማዬ።”

እማዬ ብያቸው አላውቅም። ቀና ብለው አዩኝና ስኳሩን ተቀበሉኝ።