«ባዶ» ብዬ የጻፍሁበት ካርድ

ውድ ልጄ፣

ካርዱ አልተቃጠለም።

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚከፈት፣ የጤና ጥያቄ ከጉዳዩ እንደሚቀድም በአርጩሜ የተማርሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ሥርዓቱን አፍርሼ ከጉዳዩ ጀመርሁ፤ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር በተሸከምሽው ሐዘን ላይ የእኔን ሰላምታ ያህል እንኳ ጊዜ ልጨምርበት አልወደድሁም። የእናትሽ ድምፅ አለ። ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ አለ። ትናንት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰማነው።

አሁን እንደ ወጉ ልጠይቅሽ። እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ እንዴት ነው? እኛ ደኅና ነን። እናትሽ በአንገቷ ቀዳዳ መተንፈሱን ለምዳዋለች፤ የምትለውን በደብተር ትጽፋለች፤ ስትቆጣ ደግሞ ብርጭቆ በማንኪያ ታቃጭላለች። ያ ማንኪያ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጮኽብኝ ብነግርሽ አታምኚኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ግማሹን ታውቂዋለሽ፤ በእኔ በኩል እንዴት እንደነበረ ግን አታውቂም።

ሐኪሞቹ የእናትሽን ማንቁርት ለማውጣት ቀን በቆረጡበት ሳምንት «ድምፅዋን ሳንቀዳ ሆስፒታል አትገባም» ብለሽ ተነሣሽ። በፎቶ ቤታችን የእርሷ ፎቶግራፍ በሺህ ይቆጠር ነበር። ድምፅዋ ግን አልነበረንም። ቪዲዮን የአዳራሽ ሁካታ እያልሁ ስንቅ የኖርሁት እኔ ነኝና በደሉ ከዚያ ይጀምራል።

«በስልክሽ ቅጃት» አልሁሽ።

«አባዬ፣ በዚያ መስኮት ብርሃን ዕድሜህን ሙሉ ያነሣኸውን ፊት በስልክ?»

«ካሜራዬም እኮ ቪዲዮ ያነሣል።»

«ያነሣል፤ ግን ጨምቆ፣ ግማሹን ጥሎ ነው የሚያስቀምጠው። ጥሬውን፣ ብርሃኑን እንዳለ የመቅዳት አቅም አለው። ሠሪዎቹ ናቸው የዘጉት።»

«ሠሪው የዘጋውን ማን ይከፍታል?»

«ካሜራውን የሚወዱት ሰዎች። ዓመታት አጥንተው ፕሮግራም ሠሩለት፤ በነፃ ነው የሚሰጡት። ካርዱ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሌላ ካርድ ስታስገባበት ካሜራህ የድሮው ካሜራህ ነው።»

«ታዲያ ያልተፈቀደ ነገር ነዋ!»

«የፋብሪካው አይደለም፤ ቢበላሽ ፋብሪካው አይጠየቅም። እኔ እጠየቃለሁ።»

ይህችን የመጨረሻ ቃልሽን በልቤ ያዝኋት። ያስተማረኝ ጌታዬ የጨለማ ክፍሉን በር ያለፈቃድ የነካን ደቀ መዝሙር ጣቱን በማስመሪያ ጠርዝ ይመታው እንደነበረ ነግሬሻለሁ። የእኔም አውራ ጣት ምስክር ነው። የተዘጋ በር በምክንያት ተዘግቷል እየተባልሁ አድጌ፣ ባልሠራሁት ካሜራ ላይ ባልታወቁ ሰዎች የተጻፈ ፕሮግራም ሲጫን ዝም ያልሁት አምኜበት አልነበረም። «እጠየቃለሁ» ስላልሽ ነው። የምጠይቅበትን ቀን እየጠበቅሁ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

በቀረጻው ዕለት እናትሽ ከክፍሉ አስወጣችኝ። «አንተ ካለህ ‘አትነቃነቂ’ ትለኛለህ» አለች። ከመጋረጃው ወዲህ፣ ከደንበኞች መቀበያው ቆሜ ሳቃችሁን ሰማሁ እንጂ ቃሉን አልያዝሁም። ወዲያው ወንድሟ መኪናውን አቁሞ ጥሩምባውን ነፋ። እርሷ ነጠላዋንና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ ካሜራው በማቆሚያው ላይ እንደተተከለ ቀረ፤ እኛም ተከትለናት ሄድን። በማግሥቱ ጠዋት ቀዶ ሕክምናው ተደረገ።

በሦስተኛው ቀን ልብሷን ለመውሰድ ወደ ቤት ተመለስሁ። በዚያን ቀን እጄን ጨብጣ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ምንም ድምፅ ሳይወጣት አይቻለሁ። ስለዚህ ልብስ ማውጣቱን ትቼ ፎቶ ቤቱን ከፈትሁ፤ ካሜራውን አነሣሁ፤ ድምፅዋን ልሰማ የማሳያውን ቁልፍ ተጫንሁ። «ምስል የለም» አለኝ። ደግሜ ተጫንሁ። «ምስል የለም።»

ያን ጊዜ አንቺ በሩ ላይ ደረስሽ።

«እዚያ ላይ አይታይም! አባዬ፣ ካርዱን ስጠኝ፤ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚከፈተው…» አልሽ። የሚያመካኝ ሰው ቃል መሰለኝ። ሮጠሽ መጥተሽ ያወራሽው ሁሉ እውነት እንደነበረ ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ካርዱን ነቅዬ በጡጫዬ ጨበጥሁትና ያን ቃል ተናገርሁ። ልዝለለው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ስሙ ላልተጠራ በደል ይቅርታ መለመን ማታለል ነው። «የእናትሽን ድምፅ ሐኪሙ ሳይደርስ የቀማሻት አንቺ ነሽ» አልሁሽ።

እናትሽ ከሆስፒታል ስትወጣ ካርዱን ደግመሽ ጠየቅሽኝ፤ በዝግታ፣ እንደ ልጅ ሳይሆን ሽማግሌ ሆኖ ተልኮ እንደመጣ ሰው። «ለእሳት ሰጠሁት» አልሁሽ።

ዋሸሁ፣ ልጄ። አልሰጠሁትም ነበር። አርባ አምስት ዓመት ኔጋቲቭ ጥሎ የማያውቅ እጅ መጣሉን እምቢ አለኝ። በፖስታ አድርጌ፣ ቀኑንና ተራ ቁጥሩን ጽፌ፣ ከሥሩ «ባዶ» ብዬ መዝግቤ ከቁም ሣጥኑ ሦስተኛ መሳቢያ አኖርሁት። እጄ ከአፌ ይሻላል ማለት ነው። አንቺ ግን አፌን አምነሽ ሻንጣሽን አነሣሽ፤ እናትሽም አፌን አመነች። ከዚያ ወዲህ ፖስታውን ማውጣት መዋሸቴን ማመን ሆነብኝ፤ ደግሞስ ለባዶ ካርድ ብዬ ራሴን በልጄ ፊት ላዋርድ? እንዲህ እያልሁ ከረምሁ። በስልኳ ላይ አንድ አሮጌ የድምፅ መልእክቷ ተገኝቶ ነበር። «ዳቦ ይዘህ ና፤ የትናንቱን ዓይነት ደረቅ እንዳይሆን» ይላል። ሁለት ዓመት እርሱን ስሰማ ኖርሁ። ለዚያ ዳቦ ስንት ጊዜ እንዳለቀስሁ እናትሽም አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት የካሜራው የብርሃን መዝጊያ ምላጭ ተጣበቀ። ወደ ጠጋኙ ወሰድሁት፤ «ብሎን» እያልሽ የምትስቂበት፣ ያ ቀጭኑ። አበጃጅቶ ሲጨርስ መሞከሪያ ካርድ ጠየቀኝ፤ የእኔ በደንበኛ ሥራ ተይዞ ነበር። «ቤት አንድ ባዶ አለ» አልሁትና ሄጄ ፖስታውን አመጣሁ። ለምን እንዳመጣሁት አትጠይቂኝ። ምናልባት በሥራ ሰበብ መሳቢያው እንዲከፈትልኝ ፈልጌ ይሆናል።

ካርዱን አስገባ፤ የካሜራውን መስኮት አየ፤ እኔን አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ ባዶ ነው ያሉኝ አይደል?»

«ባዶ ነው። ፖስታው ላይ ጽፌበታለሁ።»

«ፖስታው ባዶ ይላል፣ ካሜራው ሞልቷል ይላል። ማንን ልመን?»

«እኔን።»

«እርስዎን ባምን ደስ ይለኝ ነበር፤ አንድ ፎቶ የሚያስቀምጥ ቦታ ግን አጣሁ።» ሌላ ቁልፍ ነካና የማላውቀው ዝርዝር በመስኮቱ ላይ ተዘረገፈ። አፉን ያዘ። «ልጅዎ ናት የጫነችው?»

«እንዴት አወቅህ?»

«እርስዎማ ሰዓቱን ለማስተካከል እንኳ መመሪያውን ከገጽ አንድ ይጀምራሉ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ ቀልድ መልስ አላጣለትም ነበር። ያን ጊዜ ግን የዕቃ ሣጥኑ ላይ ተቀመጥሁ። «ታዲያ ለምን አይታይም? ስጫነው ምስል የለም አለኝ» አልሁት።

«እንዴት ይታያል ጋሼ? ጥሬ ነው እኮ። ገና አልታጠበም።»

ልጄ፣ ይህን የነገረው ለማን እንደሆነ አስቢ። ፊልም አጥቤ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ። ከጨለማ ክፍሉ በር ላይ በራሴ እጅ ጽፌ የለጠፍሁት ማስጠንቀቂያ እስካሁን አለ፤ «ያልታጠበ ፊልም ባዶ አይባልም» ይላል። ማንበብ የጀመርሽው በእርሱ ነው። አንቺ በዚያ ካርድ ላይ ያኖርሽልኝ ኔጋቲቭ ነበር። እኔም ኔጋቲቭ ተሰጥቶኝ የታተመ ፎቶ ፈለግሁ፤ ሳጣ «ባዶ» ብዬ መዘገብሁ። ጀማሪ ቢያደርገው ጣቱን በማስመሪያ እመታው ነበር። ያልተፈቀደ ያልሁት ፕሮግራም የእኔኑ ሙያ ወደ እኔ ሲመልስ፣ አላውቀው ብዬ ከደጅ መለስሁት።

ጠጋኙ በኮምፒውተሩ ከፈተው። መጀመሪያ ግራጫ ነበር፣ ጉም የለበሰ ይመስል። ከዚያ ጉሙ ውስጥ የእናትሽ ፊት ወጣ። የመስኮቱ ብርሃን በግራ ጉንጯ ላይ፣ ጥላው ከአፍንጫዋ ሥር፤ ከሻርፓዋ ውስጥ እያንዳንዱ ክር ይቆጠራል። ልክ ነበርሽ፤ በስልክ የሚያዝ ፊት አልነበረም። ከዚያም ተናገረች። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርሁ፤ ጠጋኙም፣ እግዜር ይስጠው፣ ድንገት ሻይ ሊያመጣ ወጣ። ሲመለስ «ፕሮግራሙን ላጥፋልዎ?» ቢለኝ «እጅህን ሰብስብ!» አልሁት፤ ደነገጠ።

ትናንት ለእናትሽ አሳየኋት፤ ከዚያ በፊት ግን መዋሸቴን ነገርኋት። ማንኪያውን አላነሣችም። ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ከማንኪያው እርሱ ባሰብኝ። ከዚያ አብረን አየን። አንቺ ከካሜራው ጀርባ ነበርሽና ቃሉን ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ገና መስማቴ ነው። «ሠላሳ ስምንት ዓመት አትነቃነቂ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው፤ ይኸውልህ!» ብላ ትከሻዋን፣ እጇን፣ ወንበሩን ሳይቀር ስታነቃንቅ አየሁ። ከሳቅሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። እናትሽም በድምፅ አልባ ሳቋ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ደብተሩን ሳበችና ጻፈች፤ «ያን ያህል ወፍሬ ነበር እንዴ?»

ወደ መጨረሻው ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ «እናንተ አባትና ልጅ አይደላችሁም፤ ሁለት ድንጋዮች ናችሁ። እስከ ዛሬ ያስታረቅኋችሁ እኔ ነኝ። ነገ ድምፄ ሲሄድ ማን ያስታርቃችኋል? ስለዚህ በምን እንደምትጣሉ ባላውቅም ዛሬውኑ አስታርቄያችኋለሁ፤ አለቀ። ስትጣሉ ደግሞ ቀድሞ ይቅርታ የሚጠይቀው…»

እዚያ ላይ የወንድሟ ጥሩምባ አቋረጣት፤ ካርዱም ሞላ። ምስሉ ቆመ፤ አፏ ተከፍቶ ቀረ።

«ማን ልትዪ ነበር?» አልኋት። ደብተሩን በደረቷ ሸሸገችና ጻፈች፣ ከዚያ ገልብጣ አሳየችኝ፤ «ሁለታችሁ ባላችሁበት።» ለመንኋት። ያን ጊዜ ማንኪያው ጮኸ።

ስሙን ለመስማት አልጠበቅሁም፤ የአንቺ ቢሆን እንኳ አልጠብቅም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ሥራሽን ሳላየው ፈረድሁበት፤ ስትነግሪኝ አልሰማሁሽም፤ ለእናትሽ ልታተርፊላት የደከምሽበትን ነገር ነጥቄ ደበቅሁብሽ፤ በመጨረሻም አቃጠልሁት ብዬ አቃጠልሁሽ። «እጠየቃለሁ» ያልሽው አንቺ ነበርሽ፤ ተጠያቂው እኔ ነበርሁ። ለእናትሽ በምትልኪው መልእክት ውስጥ ለእኔ ሰላምታ አለመኖሩን በየሳምንቱ አያለሁ፤ ስላየሁት አልቀየምሁም።

ይህን ጽፌ ስጨርስ የተሰማኝን ልንገርሽ፤ ከባድ ማቆሚያ ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ከጫንቃው ሲያወርድ የሚሰማው ነው። እፎይ ብያለሁ። ዛሬ ጠዋት ፎቶ ቤቱን ስከፍት መጋረጃውን እያፏጨሁ ገለጥሁት፤ የጎረቤት ልብስ ሰፊው ወጥቶ በሰፈሩ ቅጽል ስሜ «ጋሼ አትነቃነቁ፣ ምን ተገኘ?» አለኝ። «ይገኛል ገና» አልሁት።

የካርዱን ግልባጭ ሁለት ቦታ አኑሬዋለሁ። ቀለሙን ግን አልነካሁም፤ ጠጋኙም እንዳይነካ ከልክያለሁ። ግራጫ እንደሆነ ይጠብቅሻል፤ ማጠቡ ያንቺ ነው። በፖስታው ላይ «ባዶ» የሚለውን ሰርዤ ምን እንደምጽፍ ስለቸገረኝ ቦታውን ክፍት ትቼዋለሁ። አንቺ ትጽፊበታለሽ።

የደንበኞቹን ወንበር ከመስኮቱ ሥር አድርጌዋለሁ። ካሜራው በማቆሚያው ላይ ነው፤ አዲስ ካርድ ገዝቻለሁ፤ ያን ፕሮግራም መልሰሽ ትጭኚበታለሽ። እናትሽ ደብተሯን ይዛ ያን ስም የምትገልጠው በዚያ ነው ብላለች። አንቺ ስትቀርጪ እኔ ከጎኗ እቀመጣለሁ፤ የማን ስም ቢወጣም ቃል አልተነፍስም። «አትነቃነቂ»ም አልላትም።

ብቻ ነይ። የምትመጪበትን ቀን ለእናትሽ ላኪላት፤ ለእኔ ሰላምታ ባይኖርበትም እርሷ ታሳየኛለች። ዳቦ ይዘሽ ነይ ብላለች፤ ደረቅ እንዳይሆን።

አንድ ጊዜ ዋሽቶሽ ዳግም የማይዋሽሽ
አባትሽ