በምግብ ሰዓት ብቻ ስለሚታመሙት ዓይኖቼ

ሆሳዕና፣ ሰኔ 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ዳኘ፣
የቀበሌያችን የምልመላ ኮሚቴ ሊቀመንበር

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከዘማቾች ስም ዝርዝር ጎን ስለጥፍ አስቀድሜ የምመኝልዎ፣ እርስዎም ባለቤትዎም ልጆችዎም በጤና ውላችሁ በጤና እንድታድሩ፣ በተለይም ማየትን የመሰለ ጸጋ ከቤታችሁ እንዳይጎድል ነው። እኔም ባለቤቴ ገነቴ ካረፈች ወዲህ ከአንድ ልጄ ከኤሊያስ ጋር ገበያው ዳር ልብስ እየሰፋሁ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ያልዳነው ወረቀቴ ብቻ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በሶማሌ ወረራ ጊዜ ከሚሊሺያው ጋር ወደ ምሥራቅ ዘምቼ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ስማር፣ ከምግብ በፊት ዓይንን ጨፍኖ ማመስገንን አብሬ ስለተማርኩ፣ ምሽግ ውስጥም ይህን አልተውኩም። የሻለቃችን ካድሬ ደግሞ ታታሪ ሰው ስለነበሩ፣ በሻለቃው ውስጥ ጸሎት የሚባል ነገር ከሥሩ መነቀሉን ቀደም ብለው ለበላይ አሳውቀዋል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከበላይ አካል የመጡ ተቆጣጣሪ ሳህኔ ፊት ዓይኔን ጨፍኜ አዩኝና ምን እንደሆንኩ ጠየቁ። ካድሬያችን ቅንድባቸው እንኳ ሳይነቃነቅ «ዓይኑን ያመዋል ጓድ» አሉ። ተቆጣጣሪው ርኅሩኅ ስለነበሩ ይታከም ብለው አዘዙ። ድሬሰሩ ቅባት ቀባኝ። ሕመሙ ግን ቁርስ ሲቀርብ ተነሳ፣ ምሳ ሲቀርብ ተነሳ፣ እራት ሲቀርብማ ከሁሉም ባሰ። እንዲህ ያለ ግትር በሽታ አይተው የማያውቁት የሕክምና ቦርድ አባላት «ዓይነ ስውር፣ ለግዳጅ የማይበቃ» ብለው አሰናበቱኝ። ወረቀቱን ወደ ሀገሬ ስመለስ በመኪና ላይ ያለማንም እርዳታ አነበብኩት።

ያን ጊዜ ዝም ያልኩት ለካድሬው አዝኜ ነው ወይስ ለራሴ ቆዳ ፈርቼ? ጧት ስጠይቀው ልቤ ርኅራኄ ነው ይለኛል፤ ማታ ስጠይቀው ግን ስለ ነገ ስፌት ያወራኛል።

አሁን ወደ አቤቱታዬ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ዓይነ ስውርነቴን በማኅተም የምታውቁ ሆናችሁ ሳለ፣ ተራዬ በደረሰ ቁጥር ጠመንጃ አስይዛችሁ የቀበሌውን መጋዘን በሌሊት ስላስጠበቃችሁኝ አመሰግናለሁ። መጋዘኑ ቀድሞ የጸሎት ቤታችን ስለነበር በሩን በዳበሳም አላጣውምና በዚህ በኩል አትስጉ።

ሁለተኛ፤ የኤሊያስ ስም በዘማቾች ዝርዝር ውስጥ የወጣ ዕለት፣ ጎረቤቴ የእህል ነጋዴው ጀማል «አንተ ሰውዬ፣ የአካል ጉዳተኛ ብቸኛ ረዳት የሆነ ልጅ ይቀራል ተብሎ ተለጥፎ የለም እንዴ? ወረቀትህን አሳይና አፍህን ዝጋ፤ ዝም ማለት ውሸት አይደለም!» ብሎ መከረኝ። መጣሁ፣ አሳየሁ፣ ዘጋሁ። እርስዎም ወረቀቱን ትተው እኔን አዩና «ጓድ ተረፈ፣ ይሄን የለበስኩትን ካኪ ማን ሰፋው? የቁልፉ ቀዳዳ እንኳ አንድ ክር አልሳተም! ልጁ ይዘምታል» አሉ። ጭቃ እንኳ ሳይቀቡ፣ በአንድ ቃል ብቻ፣ ለዓመታት የጠፋውን ብርሃኔን በኮሚቴው ፊት ስለመለሱልኝ ምን ብዬ ላመስግንዎ?

ሦስተኛ፤ ከአንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃል፣ የቀድሞ ወታደርም በፈቃዱ መመለስ ይችላል ብላችሁ በስብሰባ ስለነገራችሁን፣ በማግስቱ በተመለሰልኝ ዓይን መንገዱን እያየሁ መጥቼ በልጄ ምትክ መዝግቡኝ አልኩ። እርስዎም ያንኑ ወረቀት አንስተው «ዕውር ልከን ሰው ይሳቅብን እንዴ?» ብለው መለሱኝ። ማታ የበራ ዓይን ጧት እንዲህ ሲጠፋ በበኩሌ አይቼ አላውቅም፤ ማየት የምችል ከሆነ ማለቴ ነው።

ስለዚህ ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ልጄን ለማስቀረት ስመጣ የማይ፣ እኔው ልዝመት ስል የማላይ ሆኛለሁ። ጀማል ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ዱላ ያዝ፣ ልጁ እየመራህ በገበያው መሃል እለፍ፤ ሕዝብ ሁሉ ይመስክርልህ» አለኝ። ዱላውንም እሱው አመጣልኝ። አልዋሽዎትም፣ ደጃፌ ላይ ዱላውን ይዤ ብዙ ቆሜያለሁ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ግን እግዜርን ለማመስገን የምጨፍነውን ዓይን ሰው ለማታለል ከጨፈንኩት፣ ማታ ማዕድ ስቀርብ ምን ብዬ እጨፍነዋለሁ? ዱላውን ለጀማል መለስኩለት። ኤሊያስ ከስፌቱ ቀና ሳይል «አባዬ፣ ተወው በቃ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለኝ። መርፌው ግን ሁለት ጊዜ ጣቱን ወጋው።

ጦርነት ናፍቆኝ አይደለም የምጽፈው። እኔ ያየሁትን ልጄ እንዳያይ ነው። የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፦ የስንብቴ ምክንያት ሐሰት መሆኑ ተጽፎ፣ እንደሚያይ ሰው ተቆጥሬ፣ በኤሊያስ ፋንታ እንድላክ። ምግብ ፊት ማመስገኔን እተዋለሁ ብዬ ቃል አልገባም። የሻለቃውን ሪፖርት የሚያበላሽ ከሆነ ግን ዓይኔን ገልጬ ላመሰግን እችላለሁ፤ ልጄ የሠራውን ወጥ እያዩ ማመስገን ቀላል ባይሆንም ሰሞኑን እየተለማመድኩ ነው።

በሁለት ዓይኖቹ ጽፎ፣ ስሕተቱን በሁለት ዓይኖቹ ለቅሞ፣ እነዚህን ዓይኖች በተመለከተ ግን የመጨረሻውን ቃል ለኮሚቴው በትሕትና የሚተው፣

ተረፈ ሄራሞ
ልብስ ሰፊ፣ የቀድሞ ሚሊሺያ፣ የመጋዘኑ የሌሊት ዘብ

ማሳሰቢያ፦ ዘማቾችን የሚጭነው መኪና ሐሙስ ስለሚመጣ፣ ከዚያ በፊት ውሳኔያችሁን በጽሑፍ እንድትልኩልኝ እለምናለሁ። ዓይነ ስውር ነህ ካላችሁኝ ደብዳቤውን የሚያነብልኝ ኤሊያስ ስለሆነ እሱን እቤት ተዉልኝ። ታያለህ ካላችሁኝ ግን አትቸገሩ፤ መኪናው ላይ ተቀምጬ ራሴ አነበዋለሁ።