የእማዬ ወርቅ ቅብ ሳህን

ሊቁ ወንድሜ፣

ማይክሮዌቩ ደህና ነው። የተበላሸው ሌላ ነው፤ ማን እንደሆነ አልናገርም።

ጠርዙ ወርቅ ቅብ የሆነ ሳህን እንዳታስገባበት ስነግርህ «አንቺ ደግሞ ሁሉን ትፈሪያለሽ» ብለህ ሳቅህብኝ። እሳት ሲተፋ ግን ከኩሽና ሮጠህ የወጣኸው አንተ ነህ! ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ። እማዬ ከሰርጓ ጀምሮ ስትሳሳለት የኖረችው ሳህን ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር።

ምሳህ ፍሪጅ ውስጥ፣ ለማይክሮዌቭ በሚሆነው የመስታወት ሳህን አለልህ። በዚያው አሙቀው።
ክዳኑን ገርበብ አድርግ፤ ስታወጣው በወፍራም ጨርቅ ያዘው።
ማንኪያውን ውስጡ እንዳትተወው። ይህንንም መንገር አለብኝ?

እማዬ ዛሬ ትመጣለች። ሳህኗን ስትጠይቅህ እንዳትቀባጥር።
እኔ ነኝ የሰበርኩት ብዬ በስልክ ነግሬያታለሁ። ሰድባኝ ወጥቶላታል።

አንተ ዝም ብለህ ብላ።