ሳጥኑ ስም እስኪወጣለት

ግንቦት 24 ቀን 2015 ዓ.ም.
ብቸና

ለተከበሩ አቶ ገብረ ማርያም የኔሰው
የብቸናና የሞጣ የኮምፒውተር ቃላት አስማሚ ጉባኤ ሰብሳቢ
ባሉበት

የተከበሩ ሰብሳቢያችን፣

አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለጉባኤዎ አባላት በሙሉ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በተለይ ጉሮሮዎ እንዴት ሰነበተ? ባለፈው ስብሰባ ስለ አንድ ቃል አራት ሰዓት ከሩብ ሲናገሩ በመስኮት አይቼዎ ከልቤ ተጨንቄልዎ ነበር። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደም ግፊቴም ቢሆን የጉባኤውን የቴሌግራም ቡድን ካልከፈትኩ ከፍ አይልም።

ደብዳቤዬ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ ለማያውቁኝ አንባቢዎች ባንቺዓለም ወልደ ሰንበት እባላለሁ። ብቸና ከገበያው በላይ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ጥገናም አስተምራለሁ። ከታይፕ ጽሕፈት ጀምሬ እዚህ የደረስኩ ሴት ስለሆንኩ ስማቸው ሳይታወቅ የሠሩ፣ ስማቸው ታውቆም ያልሠሩ ብዙ ዕቃዎች በእጄ አልፈዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ሲባል ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠውን፣ ሽቦው ሁሉ ከኋላው የሚሰካበትን ያንን ትልቅ ሳጥን እኛ ብቸናዎች «ሲፒዩ» እንለዋለን፤ ሞጣዎች «ሲስተም ዩኒት» ይሉታል። እውነት ለመናገር ልክ የሆኑት ሞጣዎች ናቸው። ሲፒዩ ማለት በሳጥኑ ሆድ ውስጥ ያለች ከአንድ ብስኩት የማትበልጥ ዕቃ ናት፤ ይህን እኛም እናውቃለን። ይሁን እንጂ አገር ሁሉ «ሲፒዩዬ አልነሣ አለኝ» እያለ ተሸክሞ ሲመጣ፣ «ተመለስና ስሙን አስተካክለህ ና» የሚል ጠጋኝ የራሱን ቤት ይዘጋል እንጂ ሳጥኑን አይከፍትም። ይህችን ልዩነት ሁለት ሰዎች በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሊጨርሷት በቻሉ ነበር። እናንተ ግን ጉባኤ አቋቋማችሁባት። ስለዚህ ሥርዓት እንዳይጓደል ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ከሁሉ በፊት ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ሥራው ቀላል ይመስለን ነበር፤ መልአኩ ለእናንተ አስረክቦ ካረፈ ወዲህ ግን ምን ያህል እንደሚያደክም ገብቶናል። «ፎርማት ማድረግ» እና «ዊንዶው መጫን» አንድ ነገር ናቸው ወይስ ሁለት በሚለው የሦስት ሳምንት ክርክር አንድ የተከበሩ አባል አራት ጊዜ የስንብት ጽሑፍ ትተው ከቡድኑ ወጥተው አራት ጊዜ ተመልሰዋል። በእነዚያው ሳምንታት እኔ ቤት ሃያ ስድስት ኮምፒውተሮች ፎርማት ተደርገው፣ ዊንዶው ተጭኖባቸው ወደየጌቶቻቸው ሄደዋል። ኮምፒውተሮቹ በጉዳዩ ላይ አስተያየት አልሰጡም።

ሁለተኛ፦ ጉባኤው ለጥገና ሠልጣኞች ስለሚሰጠው የብቃት ፈተና። ያሠለጠነ ሰው የራሱን ሠልጣኝ እንዳይፈትን፣ የብቸና ልጆች በሞጣ ፈታኞች፣ የሞጣ ልጆች በብቸና ፈታኞች እንዲመዘኑ ስትወስኑ አድልዎ ሊጠፋ ነው ብለን አጨብጭበናል። እውነትም ጠፋ፤ አሁን ሁሉም እኩል ይወድቃል።

ስርጉትን ያውቋታል። የጉንደ ወይን ልጅ ናት፤ ዓመት ከመንፈቅ እኔ ዘንድ ተምራለች። በኅዳሩ ፈተና አልነሣ ያለ ኮምፒውተር ቀረበላት። ከፈተችው፣ ራም የሚባለውን የማስታወሻ ቁራጭ ነቀለች፣ ጥርሱን በላጲስ ጠራርጋ መልሳ ስትሰካው ተነሣ። የፈጀባት ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ከዚያ የሞጣው ፈታኝ በጣታቸው ሳጥኑን አሳይተው ስሙን ጠየቋት፤ እርሷም ከእኔ እንደለመደችው «ሲፒዩ» አለች። በወረቀቷ ላይ የተጻፈው «ዕቃውን ጠግናለች፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም» የሚል ነው። አባቶች «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ሲሉ አነጋገርንም አያያዝንም ቆጥረው ነበር። እናንተ ግማሹን ተረት ብቻ ለፈተና አውጥታችሁ ሌላውን ለራሳችሁ አስቀራችሁት።

ሦስተኛ፦ ስለ እርቁ። እዚህ ላይ አንባቢ ይታገሠኝ፤ እኔም ራሴ ለማመን ሁለት ሳምንት ወስዶብኛል።

በጥር ወር ሁለቱ ወገኖች ደብረ ወርቅ ላይ ተገናኝታችሁ በሽማግሌ ታረቃችሁ። ሽማግሌዎቹ እንደ አገሩ ደንብ አንዱን ወገን በአንድ ዛፍ ሥር፣ ሌላውን በሌላ ዛፍ ሥር አስቀምጠው በመካከል ተመላለሱ። የእኛ ሰዎች «የሞጣን ሰው ከምናስቀይም ቃላችን ይቅርብን፤ ከእንግዲህ ሲስተም ዩኒት እንላለን» አሉ። በዚያኛው ዛፍ ሥር ደግሞ ሞጣዎች «ብቸናን የሚያህል ጎረቤት በአንድ ቃል አናጣም፤ ከእንግዲህ ሲፒዩ እንላለን» አሉ። ሽማግሌዎቹ ለየወገኑ «ወንድሞቻችሁ እሺ ብለዋል» የሚለውን ብቻ አደረሱ። ተቃቀፋችሁ፣ በግ ታረደ፣ ተበላ፣ ተመረቀ። ማን ምን እንደተወ የጠየቀ አልነበረም፤ ከእርቅ በኋላ ነገር መምዘዝ ነውር ነውና። ሁለት ቃለ ጉባኤ ተጽፎ አንዱ ወደ ብቸና፣ አንዱ ወደ ሞጣ ተመለሰ።

እኔም በወረደው መመሪያ መሠረት ለልጆቼ አዲሱን ቃል አስጠናሁ። ስርጉት «ሲስተም ዩኒት»ን እንደ ዳዊት ደገመችው። በመጋቢት የሞጣ ፈታኞች መጡ። ሃርድ ዲስክ ቀየረች፣ ዊንዶው ጫነች፣ ስሙን ስትጠየቅም ኮራ ብላ «ሲስተም ዩኒት» አለች። ፈታኙ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እርሳቸው ለእኛ ክብር ሲሉ «ሲፒዩ» ማለት ከጀመሩ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር። በዚያው ሳምንት ሞጣ ላይ ቢሆነኝ የሚባል ጎበዝ ልጅ በእኛ ፈታኞች ፊት «ሲፒዩ» ብሎ ወደቀ። መከባበር ይህን ያህል ሰው ሲጥል በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ሁለቱን ቃለ ጉባኤ ጎን ለጎን አድርጌ በደብዳቤ ባሳይዎ፣ «የተፈጸመ እርቅ አይፈርስም፤ ነገር አትቆስቁሺ» የሚል አባታዊ ምክር ሰጥተውኛል። ስለ ምክሩ አመሰግናለሁ፤ ልጆቹም ወድቀው ባሉበት ሆነው ያመሰግናሉ።

አራተኛ፦ አራተኛውን ቅሬታ ባለቤቴ አቶ ይታገስ አንብቦ «ሞጣ ዘመድ አለን እኮ፣ በሞቴ ተይው» ስላለኝ አውጥቼዋለሁ። ቁጥሩን ግን በክብር አስቀምጬዋለሁ።

አምስተኛ፦ ስለ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ። ሁለቱንም ቃል የሚተካ ሦስተኛ ቃል ከግእዝ እንዲያወጡላችሁ ጋብዛችኋቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ አባት ናቸውና ቃሉን ወዲያው ያፈሱልናል ብላችሁ ብዕር ይዛችሁ ጠበቃችሁ። እርሳቸው ግን «ሥራውን ሳላይ ስሙን አላወጣም፤ ክፈቱልኝና ልየው» አሉ። ከአሥራ ሰባቱ የጉባኤ አባላት ካቻቢቴ የያዘ አንድ እንኳ አልተገኘም።

በዚህ ምክንያት መሪጌታ እኔ ቤት መጥተው ሁለት ቀን ሙሉ ስርጉት አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ይህ ምን ይሠራል፣ ያኛው ስለምን ይሞቃል እያሉ ጠየቋት፤ እርሷም ሳትሰለች አስረዳቻቸው። ሊሄዱ ሲሉ «ልጄ፣ ስም ለመጥሪያ ነው፤ ጠርተሽው ከመጣልሽ ይበቃል» ብለው መረቋት። ለጉባኤው ያቀረቡት ቃል «ሳጥን» ነበር። ሁሉም ሰው የሚገባው ቃል የጉባኤውን ደረጃ አይመጥንም ተብሎ በድምፅ ብልጫ መውደቁን ሰምቻለሁ። መሪጌታም የስርጉትን ዕጣ ስለ ቀመሱ ደስ ብሏቸዋል።

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁመው። ጉንደ ወይን ያለ አንድ ጤና ጣቢያ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ይፈልጋል። ማመልከቻ የሚዘጋው ሰኔ 20 ነው። ስርጉት የሚጎድላት የእናንተ ወረቀት ብቻ ነው። እናቷ እመት ይርጋነሽ እዚያው ጉንደ ወይን ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ደጃፋቸውን የሚያዩት በዳበሳ ነው። ልጅቱ ያንን ሥራ ካገኘች እናቷን ይዛ አገሯ ትኖራለች። ካጣችው በደጀን በኩል ዓባይን ተሻግራ ሥራ ፍለጋ ልትሄድ ሻንጣ ተውሳለች። ባለፈው ሳምንት ካቻቢቴውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «እትዬ፣ እኔ እኮ የተማርኩት ሥራውን ነው» አለችና አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ተናድጃለሁ፣ አዝኛለሁም፤ ይህን በትሕትና ልጽፈው ሞክሬ አልተቻለኝም።

የዘንድሮው የመጨረሻ ፈተና ሰኔ 12 ነው። ልመናዬ አጭር ናት። ወይ ፈታኞቹ ሁለቱንም ስም ይቀበሉ፣ ወይ ስሙን ለክርክራችሁ አቆይተው የልጅቱን እጅ ይመልከቱ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መስመር ደብዳቤና የእርስዎ ፊርማ ነው። እርቁ አይፈርስም፣ በጉም አይመለስም፣ ጉባኤውም እስከ ልጅ ልጆቻችን ዘመን ድረስ በሰላም ሊሰበሰብ ይችላል።

ለሰጡን ትምህርት ሁሉ፣ ላልተቆጠበው ድምፅዎ፣ ስሙ ሳይታወቅ ምንም ነገር እንዳይሠራ ለሚያደርጉት ተጋድሎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ የጉባኤዎን ወንበር ያጽናልዎ፣ ከወንበሩም አልፎ አልፎ የሚያስነሣ ምክንያት አያሳጣዎ እያልኩ እሰናበታለሁ።

ትእዛዝዎን አክባሪ፣ ሁለቱንም ቃለ ጉባኤ በእጇ የያዘች፣

ባንቺዓለም ወልደ ሰንበት
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለሞጣ ፈታኞች፣ ከይቅርታ ጋር
ለመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ከምስጋና ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ ከቢሮዎ ለጥገና የላኩት ኮምፒውተር ዛሬ ተሠርቶ ተመልሶልዎታል። አብሮት የመጣውን ማስታወሻ ግን አልመለስንም። በገዛ እጅዎ ጽሑፍ፣ ከፊርማና ከማኅተም ጋር፣ «ትልቁ ሳጥን እንቢ ብሏል። ለዚያች ለጉንደ ወይኗ ልጅ ይሰጥልኝ፤ ከእርሷ ሌላ ማንም እንዳይነካው» ይላል። በመስታወት አድርገን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል፤ ስርጉት ከጉባኤው እስከ ዛሬ ያገኘችው የብቃት ማረጋገጫ እርሱ ብቻ ነውና።