እትዬ ዝም፦ ሃያ ዓመት የሰው እጅ ሲያዩ የኖሩ መዛኝ

እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ እናታቸው በኅዳር ወር 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ሁለት ክፍል ነበረው፤ የፊተኛው የአባታቸው የስፌት ሱቅ ነው። እርሳቸው የበኩር ልጅ ሲሆኑ ቀጥሎ ወንድማቸው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ተወልደዋል። አባታቸው የተንጋደደ ስፌት ካዩ ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀም ቢሆን ይተረትሩት ነበር። እህታችን ይህን አመል ለመውረሳቸው ምስክር አያሻም።

እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ አባታቸው በድንገት በማረፋቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው በ1966 ዓ.ም. በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አልጋ ክፍል ተዛወሩ። ሰው ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ከአልጋ የማይነሱትን በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን ማዞር፣ ሰው ተኝቶበት ሳለ አንሶላ መቀየር፤ ይህን ሁሉ ከቀደሟቸው ሠራተኞች እያዩ ተማሩ። በ1971 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ጨዋታ ወዳድ ነበሩ። ወሬ የሚጀምሩት እርሳቸው፣ የሚጨርሱት እህታችን ነበሩ፤ የሚጨርሱትም "በቃ" በማለት ነው።

በ1989 ዓ.ም. በመጦሪያው የሚሠሩ ሁሉ በሥራ ላይ ተመዝነው የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዙ ተወሰነ። እህታችን ነገሩ እንደ ትምህርት ቤት ፈተና መስሏቸው የልጃቸውን የሳይንስ ደብተር ሲያጠኑ ሰነበቱ። በቀጠሮው ቀን መዛኟ ሴት ወረቀትና ብዕር ይዘው አልጋ ክፍሉ ጥግ ቆሙ። እህታችን ሙያቸውን ለማሳየት ቸኩለው የተነጠፈ አልጋ አፍርሰው እንደገና ማንጠፍ ጀመሩ። መዛኟም "እመቤቴ፣ ለእኔ ብለው አይሥሩ፤ ለተኙት ሰው ይሥሩ" አሏቸው። ይህን ስህተታቸውን ኋላ ለሚመዝኗቸው ሁሉ ሳይነግሩ አላለፉም።

ብቁ ከተባሉ ከሦስት ዓመት በኋላ እርሳቸውም ሠልጥነው መዛኝ ሆኑ፤ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስም ሠሩበት። ሥራው እንዲህ ነበር፦ ተመዛኟ በራሷ ፈረቃ፣ በየቀኑ የምትሠራውን ስትሠራ መዛኟ ቆማ ታያለች። ከዚያ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ትጠይቃለች። አብረዋት የሚሠሩና የምትንከባከባቸው ሰዎች የምስክርነት ቃል ይሰጣሉ። ሁሉም በአንድ ማህደር ይገባና መዛኟ በትክክል መመዘኗን ሌላ ሰው ይመረምራል። ነጥብ የለውም፤ አንደኛ የሚወጣም ጭራ የሚሆንም የለም። ውጤቱ ወይ "ብቁ" ነው፣ ወይ "ገና አልበቃችም"። ገና ያልበቃች የጎደላትን ተምራ ትመለሳለች።

ሰው ሲሠራ መዛኟ አትናገርም፣ ራሷንም አትነቀንቅም። እህታችን ይህን ሕግ ከሚገባው በላይ ስለወደዱት "እትዬ ዝም" የሚል ስም ወጣላቸው። ኮሪደሩ ላይ ብቅ ሲሉ "እትዬ ዝም መጡ፣ ትራስ አቃኑ!" የሚል ሹክሹክታ ይቀድማቸው ነበር። ፊታቸው አይነበብም፤ ያለፈችዋም የወደቀች መስሏት የምታለቅሰው ለዚህ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የሆነውን ዘመድ ሁሉ በየፊናው ሲያወራው ስለኖረ እዚህ ላይ እንደነበረ ይጻፋል። ታናሽ እህታቸው በዚያው መጦሪያ አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ማረጋገጫ ሠርታለች። እስከ ወሩ መጨረሻ ብቁ ካልተባለች ከአልጋ ክፍል እንደምትወጣ ተነግሯት ነበር። መዛኝ ዘመዱን ስለማይመዝን ከሌላ ተቋም ሰው ቢመደብላትም፣ የተመደቡት ሰው በቀጠሮው ጠዋት ታምመው ቀሩ። ጊዜ በማለቁ ምዘናውን የሚመራው መሥሪያ ቤት ዝምድናው ተመዝግቦ እህታችን እንዲመዝኑ በደብዳቤ ፈቀደ።

ታናሽየዋ ቀድሞ አናጢ የነበሩ አንድ ከባድ አዛውንትን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርጋ ስታዞር አልጋው ተንሸራተተ፤ የጎማውን ፍሬን አልያዘችም ነበር። አዛውንቱ ወደ አልጋው ጠርዝ ሲሄዱ የእህታችን እጅ ደርሶ ትከሻቸውን ያዘ። መያዛቸው ግዴታቸው ነው፤ ነገር ግን የመዛኝ እጅ የገባበት ሥራ የተመዛኟ አይባልም። የክፍሉ ኃላፊ ነገሩን ሰምተው "እትዬ፣ ሽማግሌው እንደሆነ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ነበር። ማን አየ?" ቢሏቸው፣ "እኔ" አሉ። ወረቀቱ ላይም "ፍሬን አልተያዘም። የመዛኟ እጅ ገብቷል። ገና አልበቃችም" ብለው ፈረሙ።

ታናሽየዋ ወደ ልብስ ማጠቢያ ተላከች። ከሰባት ሳምንት በኋላ በሌላ መዛኝ ተመዝና ብቁ ተብላ ወደ ቦታዋ ብትመለስም ኩርፊያዋ አልበረደም። ወንድማቸው "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል፤ አንቺ ግን ለወረቀት ብለሽ እህትሽን ሸጥሽ" ሲሉ ወቀሷቸው። ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ኮሪደር እየተላለፉ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆድና ጀርባ ሆነው ኖሩ። በዚህ መሐል የእህታችን ባለቤት አረፉ፤ ታናሽ እህታቸው ለቅሶ ደርሳ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ሄደች። ዛሬ በዚህ ታፍራለች።

በ1998 ዓ.ም. ታናሽየዋ አንዲት አዲስ ሠራተኛ ፍሬን ሳትይዝ ሰው ልታዞር ስትል አይታ "አቁሚ!" ብላ ጮኸች። አዲሷ ሠራተኛ "እትዬ፣ ምን ሆነ? የወደቀ ሰው የለ" አለቻት። በዚያው ቀን ከሰዓት ታናሽየዋ ወደ እህቷ ቤት ሄዳ በሩን አንኳኳች። እህታችን ከፍተው አዩና "ግቢ፣ ብርድ ነው" አሉ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ አልተነሣም።

እህታችን በ2015 ዓ.ም. በአከርካሪያቸው ላይ በወጣ ዕጢ ታምመው እግራቸው አልታዘዝ አለ። ሆስፒታል ቆይተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ታናሽ እህታቸው የዓመት ፈቃዷን ወስዳ፣ ፈቃዱ ሲያልቅም ከሥራ መልስ፣ ከልጆቻቸው ጋር እየተፈራረቀች አምስት ወር አስታመመቻቸው። በዚያው ሰሞን ከያዘችው ማረጋገጫ ከፍ ላለው ለደረጃ ሦስት ምዘና ማስረጃ እየሰበሰበች ነበር። እህታችንም አልጋ ላይ ሆነው ዝም ብለው ያዩዋት ነበር፤ ጥሩ ነው አላሉም፣ መጥፎ ነው አላሉም። እርሷም አልጠየቀችም፤ መጠየቅ ግን ትፈልግ ነበር።

የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ አራት የልጅ ልጆች፣ አንድ ወንድምና አንዲት እህት ትተው አልፈዋል። የመዘኗቸው ተንከባካቢዎች ብዛት በመዝገባቸው መሠረት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነው።

ትናንት ወንድ ልጃቸው ለታናሽ እህታቸው፣ እርሷ ሥራ ላይ በዋለችበት ቀን እናቱ እየተናገሩ ያጻፉትን አንድ ወረቀት ሰጣት። እንዲህ ይላል፦ "ከማዞሯ በፊት ትነግረኛለች። ውሃውን በክንዷ ትለካለች። አምስት ወር ተኝቼ የመኝታ ቁስል አልወጣብኝም። ሲያመኝ ሳልናገር ታውቃለች። በእኔ በኩል ብቁ ናት።" ከፊርማቸው በታች ደግሞ "መስካሪዋ የተመዛኟ እህት ስለሆንኩ ይህ ወረቀት ለማስረጃ አይቀርብም" የሚል አለበት።

ስለዚህ አልቀረበም። አምላክ የእህታችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል፤ ለልጆቻቸውና ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን ይስጥ።