የጠገራው ብር ጀርባ

ለምወድሽ እናቴ፣ ሮብ ገበያ

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ቁልቁለቱን ያስኬድሻል ወይ? የጮቄ ብርድስ ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩን ሁልጊዜ የሚያነሳው ወንድሜ ስለሆነ ነው። መሠረተ ትምህርት የተማርሽውን ፊደል ዛሬ ለእኔ ስትይ ተጠቀሚበት፤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ለአባቴ ተዝካር መጥቼ ስመለስ፣ የበለዘ ክንዴን አይተሽ ያስጨበጥሽኝን ጠገራ ብር ይዤው ከረምኩ። ሸጠሽ የጎደለሽን አድርጊበት ብለሽኝ ነበር። ምን እንደጎደለኝ አልጠየቅሽኝም፤ እኔም አልነገርኩሽም።

ጎረቤቴ አይናዲስ እንዲህ ያለው ብር በሚሊዮን ይሸጣል የሚል ነገር ስልኳ ላይ አይታ ልቤን ሰቅላው ነበር። ማክሰኞ አማችሽ መሳፍንት ሥራ እንደወጣ፣ ደብረ ማርቆስ ገበያ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ሄድኩ። ጋሽ እንዳላማው ይባላሉ። ብሩን ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ሰሙት፤ መዘኑት። ከዚያ ብሩ ላይ የተቀረጸችው ንግሥት ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ነጠብጣቦች በጥፍራቸው ቆጠሩ። ዘጠኝ መሆን ነበረባቸው፤ ድሮ ነጋዴው ሳይቆጥር አይቀበልም ነበር አሉኝ። የእኛው ላይ አምስት ቀርተዋል፤ ሌላውን የሰው እጅ ጨርሶታል። ዓመተ ምሕረቱን ሳሳያቸው ሳቁ፤ መቼም ይሠራ መቼ ሁሉም ላይ አንድ ዓመት ነው የሚጻፈው አሉ። ብሩ እውነተኛ ነው፤ ግን የእሱ ዓይነት በየቤቱ ሞልቷል። የሚሊዮኑ ወሬ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ገልብጠው ጀርባውን ሲያዩ ቆዩ። ጠርዙ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ፤ ከሥሩ ሦስት ጭረት። ጭረቱ የእሳቸው ምልክት ነው። የአንገት ማንጠልጠያ ያስበየዳቸው ሰው ብዙ ነው፤ አንሱልኝ ያለቻቸው ግን አንዲት ሴት ብቻ ናት አሉኝ። ሴትዮዋ በክረምት፣ ሕፃን አዝላ፣ ከሮብ ገበያ በእግሯ መጣች። ልትሸጠው ነበር። አዲስ አበባ ያደርሰኛል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። መሳፈሪያውን ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ግን አይሆንሽም አሏት። ብዙ ተቀመጠች፤ ሕፃኗንም አጠባች። በኋላ መሸጡን ትታ ማንጠልጠያውን እንዲያነሱላት ለመነቻቸው። ለምን ቢሏት፣

«አንገት ላይ ያለውን ሁሉም ያየዋል። ይሄን እኔ ብቻ ልወቀው» አለች።

የማን ልጅ እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም።

እናቴ፣ ያን ጊዜ ስንት ወር ሆኖኝ ነበር? አባቴ ብሩ የት ገባ ሲልሽ ምን ብለሽ መለስሽለት? ሠላሳ ዓመት ሙሉ የት ደበቅሽው? ያን ዳገት ስትመለሺ ምን ታስቢ ነበር? ይህን ሁሉ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ በደብዳቤ ግን አትመልሺልኝ።

ጋሽ እንዳላማው ልሸጠው እንደሆነ ጠየቁኝ። ዛሬስ ስንት ያወጣል አልኳቸው። ዋጋውን ነገሩኝ፤ ሀብት የሚባል አይደለም። ፊቴን አይተው የሚቀበልሽ ሰው አለ ወይ አሉ። አብራኝ የተማረች ሥራነሽ የምትባል ጓደኛ አዲስ አበባ አለችኝ፤ የምታስተምርበት ትምህርት ቤትም መምህር ይፈልጋል አልኳቸው።

«እንግዲያው አንቺን ያደርስሻል» አሉኝ።

ሸጥኩት።

ይህን የምጽፍልሽ ከደጀን ነው። አውቶቡሱ ለምሳ ቆሟል፤ ደብዳቤውን ወደ ማርቆስ ለሚመለስ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ በሮብ ገበያ ሰው እጅ ይልክልሻል። ልጄ ትሕትና አጠገቤ ሆና ዓባይን መቼ ነው የምናየው እያለች ትነዘንዘኛለች። መሳፍንት ፍለጋ ከመጣ የት እንዳለች አላውቅም በይው፤ ለጊዜው እውነትሽን ነው። ቤት ስከራይ አድራሻውን እልክልሻለሁ። ለሁለት ቀን ሳይሆን ለመክረም ነይ፤ የጠየቅኩሽን ሁሉ ያኔ ቁጭ ብለን እንጨዋወታለን።

እመቤታችን ጤናሽን ትጠብቅልኝ። አምላክ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ በደህና ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

ልጅሽ